ተያዥ ያጣው ሥራ አስኪያጅ

ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ሕልም መሆኑን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ። ሌላው ሰው «አየሁ» ሲል ሕልም አይቶ ነው ይባላል፤ እኔ «አየሁ» ያልኩ እንደሆነ መድኃኒት ይጨመርልኛል። ስለዚህ ሕልም ነው፣ ተኝቼ ነው፣ አልጋዬ ላይ ነው። ተግባባን?

ስሜ ስንዱ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሕመሙ የአእምሮ ነው፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ደህና ነኝ። መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ የቀረኝ ሥራ ብቻ ነበር። እሱም ተገኘ። ከሕመም ያገገሙና አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎችን ከሥራ ጋር የሚያገናኝ አንድ ማኅበር አለ። እዚያ የምትሠራ ፌቨን የምትባል ልጅ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ቦታ አገኘችልኝ። አንሶላ ማጠብ፣ ማስጣት፣ መተኮስ፣ ማጠፍ ነው ሥራው፤ ደሞዝም አለው። መጀመሪያ ፌቨን አጠገቤ ቆማ ታግዘኛለች፣ ቀስ በቀስ ትርቃለች፣ በመጨረሻ ራሴን ችዬ እቀጥላለሁ። ይሄን የነገረችኝ ቀን ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ ጨፈርኩ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ እንድሪስ «ተያዥ ታምጣ» አሉ። ተያዥ ያው ታውቁታላችሁ፤ ደሞዝ ያለው ሰው መጥቶ «እሷ ብታጠፋ እኔን ያዙኝ» ብሎ ሲፈርም ነው። ለእኔ ማን ደፍሮ ይፈርማል? የአክስቴን ልጅ ብጠይቃት «ባሌን ላማክር» አለችኝ፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ስልኳን ዘጋችብኝ። የቀረኝ ታላቅ ወንድሜ ይርዳው ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ቤቱ ሄጄ ጠዋት ተያዥ ይዤ ካልቀረብኩ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገርኩት። ይርዳው ጫማውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን ግን አላየኝም።

«እስቲ» አለ።

እስቲ ብቻ! «እምቢ» ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሰድበው ነበር። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ መድኃኒቴን ዋጥኩ፣ ተኛሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ሕልሙ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ብድግ ብዬ ስከፍት ነግቷል። ፀሐይዋ ሁልጊዜ በምትጠልቅበት በጦሳ ተራራ በኩል ወጥታለች፤ ማንም ግን ነገሬ አላላትም። ከደጃፌ ጀምሮ እስከ ፒያሳ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ልብ ብዬ ሳይ ሰልፈኞቹ በሙሉ አለቆች ናቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ርእሰ መምህሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሁሉም ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ እጃቸውን እያፋተጉ ቆመዋል። ሰልፉን የሚያስከብረው አንድ ቀንዳም ሙክት በግ ነው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል።

በጉ ሥራውን ያውቅበታል። እያንዳንዱን አለቃ ጀርባውን ጨበጥ፣ ጎኑን ዳሰስ፣ ከዚያ አፉን ከፈት አድርጎ ጥርሱን ያያል። «ይሄ ከስቷል፣ ለበዓል አይደርስም» ይልና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ርእሰ መምህሩን ጨብጦ ጨብጦ «ይሄስ ስብ ነው፣ ሥጋ የለውም» አለ። ርእሰ መምህሩ በጣም አዘነ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አልኩ።

ፌቨን ከየት እንደመጣች እንጃ፣ አጠገቤ ቆማለች። «ለሥራ ልምምድ የመጡ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ችግር ያለባቸው አለቆች ናቸው። ኧረ ከባድ ችግር ነው። ታመው አያውቁም።»

«በሞቴ! አንዳቸውም?»

«አንዳቸውም። ጨንቋቸው አያውቅም፤ ጎረቤት ስልክ ዘግቶባቸው አያውቅም፤ ሰው አይቷቸው መንገድ ቀይሮ አያውቅም። ቤተሰቦቻቸው አፍረው ለብዙ ዘመን ቢሮ ውስጥ ደብቀዋቸው ነው የኖሩት። ግን አጠገባቸው የሚያግዛቸው ሰው ከተመደበላቸው ከሰው ጋር መሥራት ይችላሉ። እባክሽ ስንዱ፣ አንዱን ተቀበይልን።»

አንጀቴን በሉት። እውነቴን ነው፣ ፀሐይ ላይ ተገትረው ሳያቸው አሳዘኑኝ። «እሺ፣ አንድ በአንድ ይግቡ» አልኩ።

ደጃፌ ላይ ወንበር ወጣልኝና ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ እንድሪስ! ያው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ። በእውኑ «እርስዎ» ካልኳቸውም በኋላ ድምፄ የሚንቀጠቀጥ እኔ፣ በሕልሜ እግሬን አነባብሬ «አንተ» እላቸው ጀመር። እንዴት እንደሚጥም አልነግራችሁም።

«ስምህ ማነው?»

«እንድሪስ እባላለሁ፣ እመቤቴ።»

«ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ሆቴል አስተዳድራለሁ። ብዙ ዓመቴ ነው።»

«እሱን ተወው። አልቅሰህ ታውቃለህ ወይ?»

ብዙ አሰበ። «ልጅ እያለሁ፣ ከዛፍ ወድቄ» አለ።

«እሱ አይቆጠርልህም። አሁንስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ጤነኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። እንግዳ ፊት አንሶላ ይዘህ እንደቆምክ ድንገት ቢነሳብህስ?»

«ምኑ?»

«ጤናህ ነዋ!»

አቶ እንድሪስ አንገቱን ደፋ። «አልፎ አልፎ ይነሳብኛል» አለ ቀስ ብሎ። «በተለይ ጠዋት ጠዋት። ግን ሰው ላይ ጉዳት አድርሼ አላውቅም፣ ወላሂ።»

ፌቨን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «አብሽሪ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ እኔ ከጎኑ አልለይም» አለችኝ። ሳቄ አፈነኝ። ይህንኑ ነገር፣ በዚሁ ድምፅ፣ ስለ እኔ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ግን አለቆችን የሚቀጥር ሰው ቶሎ አይስቅም፤ ፊቴን ኮስተር አደረግኩ።

«ተያዥ አለህ?» አልኩት።

ይህን ቃል ስናገር ሰልፉ በሙሉ፣ እስከ ፒያሳ ድረስ፣ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ እንድሪስ ከረባቱን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። «ሚስቴን ጠይቄያት ነበር» አለ። «‹ባሌን ላማክር› አለችኝ።»

«እና ባሏ ምን አለ?»

«አላማከረችኝም።»

እንዲህ አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላለቀሰም ግን፤ አልለመደበትም። ሙክቱ ፊሽካውን ነፋ። «ተያዥ የሌለው አለቃ እስከ ምሳ ድረስ ተያዥ ካላመጣ ሰኞ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ!» አለ። የበዓል ገበያ ነበር መሰለኝ፤ በጎች ቤተሰቦቻቸውን ይዘው፣ ቢላ የያዙም ሳይኖሩ አይቀሩም፣ ከታች ሲተራመሱ ይታየኛል።

አቶ እንድሪስ የቀሚሴን ጫፍ ጨበጠ። «ብቻዬን አልችልም» አለ። «ሰው ፊት ቀርቤ መለመን አልለመድኩም። አብረሽኝ ሂጂ።» ይሄን ስሜት እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው! ትናንት የእያንዳንዱን ሰው በር ሳንኳኳ ነው የዋልኩት። «ተነስ እንሂድ» አልኩት።

ባጃጅ ጠራን። ባጃጁ መጣና እኛ ላይ ተሳፈረ። እኔ በፊት፣ አቶ እንድሪስ በኋላ ሆነን ተሸክመነው ዳገቱን ተያያዝነው። ባጃጁ ላያችን ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ «ኧረ ፍጥነት ጨምሩ፣ ዛሬም ልታስረፍዱኝ ነው?» እያለ ያማርረናል። አቶ እንድሪስ ያልባል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ፌቨን ከጎናችን እየሮጠች «ጎበዝ! በጣም ጎበዝ!» ትላለች።

ዳገቱ መሃል ላይ አንድ አጭር ሰውዬ ቆሟል። ካፖርቱ ሰፍቶት መሬት ይጠርጋል። ሲያየኝ እጁን አውለበለበ፤ ድምፁን ስሰማ ማን እንደሆነ አወቅኩት። በሕመሜ ጊዜ ቀን ከሌት ከውስጤ ሆኖ «አትችይም፣ ተይው፣ ይስቁብሻል» የሚለኝ ያ ድምፅ ነው። ሰው ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ አጭር ነው ብዬም አላሰብኩም።

«ስንዱ፣ ትተሽኝ አትለፊ» አለ። «ሥራ ከፈታሁ ሰነበትኩ። የሚሰማኝ ጠፋ።»

«ምን መሥራት ትችላለህ?»

«መጮህ።»

«ሌላስ?»

ካፖርቱን ነካካ። «ሌላ አልችልም» አለ።

እሱ! ስንት ጊዜ እኔን ያለኝን ቃል ስለ ራሱ ተናገረው። ልረግመው ነበር፤ ግን ብርድ የመታው ይመስላል፣ ከንፈሩ ደርቋል። «በል ና፣ የኋላውን ጎማ ያዝ» አልኩት። ሮጦ ያዘ። ሲገፋ ደግሞ ጎበዝ ነው፣ እንዲህ ጉልበት ያለው መሆኑን ባውቅ ኖሮ በፊትም ቁም ሣጥን አስገፋው ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ባጃጁ «ወራጅ አለ!» አለና ዘሎ ወረደ። እኛም ሐኪም ደሞዝተኛ ነው፣ ተያዥ ይሆናል ብለን ገባን። ውስጥ ያሉት ሐኪሞች በሙሉ ፒጃማ ለብሰው ተኝተዋል። ነጭ ገዋን ለብሰው ከአልጋ አልጋ የሚዞሩት ያኔ ከእኔ ጋር ተኝተው የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከፊት የምትመራው ጦይባ ነች፤ ጎኔ ተኝታ የነበረች፣ ለነርሶቹ ሁሉ ስም የምታወጣ ሳቂታ ሴት። አንዱን ሐኪም ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ዛሬ እንዴት አደርን?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ ልውጣ» አለ ሐኪሙ።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «‹ደህና ነኝ› ማለት ጀምሯል፤ ሁለት ሳምንት እንጨምርለት።»

«ኧረ አንድ ጊዜ ስሙኝ! ልጨርስ!» ይላል ሐኪሙ። ጦይባ ግን ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለች። እኔን ስታይ ገዋኗን ሰብስባ መጥታ አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። «ሥራ ያዝሽ አሉ! አለቃም እየቀጠርሽ ነው አሉ! አብሽሪ የኔ እናት፣ ከዚህ ቤት ወጥቶ ያልቀጠረ የለም!» አለች። ሐኪሙን ተያዥ እንዲሆነን ስንጠይቀው ብርድ ልብሱን ተከናነበ። «እኔንስ የሚያስወጣኝ መቼ አገኘሁ» አለ ከውስጥ ሆኖ። በቃ፣ ከዚያም ባዶ እጃችንን ወጣን። አቶ እንድሪስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው፤ ምሳ እየቀረበ ይሁን እየራቀ አልገባንም።

በሩን ስንወጣ ላውንደሪው ውስጥ ነን። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ግቢው እስከ ጦሳ ወገብ ድረስ ገመድ ተወጥሮበታል፤ ገመዱ ላይ የተሰጡት ግን አንሶላዎች ሳይሆኑ የሆቴሉ እንግዶች ናቸው። ታጥበው፣ ተጨምቀው፣ እጅጌያቸው በመቆንጠጫ ተይዞ በነፋስ ይወዛወዛሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ እርስ በርስ «እድፍሽ ወጣልሽ?» «ኧረ እኔስ እንደ አዲስ ሆኛለሁ!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አንሶላዎቹ ከታች ሆነው እንግዶቹን ያጥባሉ፣ ያለቅልቃሉ፣ አንዱ ደግሞ ወፍራም ነጋዴ ይዞ «ይሄንን ለብቻው አድርጉት፣ ቀለም ይለቃል» እያለ ይጮሃል።

ዋናው ክፍል ውስጥ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እዚያ ያሉት ጋሼ አያልነህ ናቸው። ጋሼ አያልነህ በእውኑም አሉ፤ ዓይነ ስውር ናቸው፤ በዚያው ማኅበር በኩል ከእኔ ቀድመው ላውንደሪው ገብተዋል፤ ለጉብኝት የሄድኩ ቀን ሻይ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። በሕልሜ የቤቱ ኃላፊ ሆነዋል። አቶ እንድሪስ ገና አንድ እርምጃ ሲገባ ከጠረጴዛ ተጋጨ፣ ከጠረጴዛው ሲሸሽ ከባልዲ ተጋጨ፣ ባልዲውን ይቅርታ ጠየቀ።

«ማነው ዕቃ የሚያንኳኳው?» አሉ ጋሼ አያልነህ።

«አዲስ አለቃ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። «ዓይናማ ነው።»

«ውይ፣ ዓይናማ ነው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከተወለደ ጀምሮ ነው?»

«አዎ ጋሼ። መብራት ካላገኘ መሥራት አይችልም።»

«መብራት!» አሉ ጋሼ አያልነህ። «እኛ ሁላችን ያለ መብራት እየሠራን ለአንድ ሰው ብለን መብራት እናስገባ? ለወደፊቱ ሌላው ዓይናማ ሁሉ ሲመጣ ምን ልንሆን ነው?» እንዲህ እያሉ ራሳቸው ተነስተው አንዲት ሻማ ለኩሰው ሰጡት፤ ከዚያ ትከሻውን ፈልገው መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ። ማየትህ እኮ ጥፋትህ አይደለም።»

ሻማዋን አስቀመጠና ወደ ሥራ ገባን። አልጋ የሚያህል አንድ አንሶላ ተሰጠን፤ ሁለት ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሁለት ጫፍ እኔ ያዝኩ። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው ይዞ ይወጥረዋል፣ ያጋጥመዋል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይራመድና ጫፎቹን ያስረክባል። አቶ እንድሪስ ግን መወጠሩን እንጂ መምጣቱን አያውቅም። ይጎትታል። እኔ ወደ እሱ ስሄድ እሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከክፍሉ ወጥተን ግቢውን በሙሉ አንሶላ ይዘን ዞርን። ገመድ ላይ ያሉት እንግዶች በሳቅ ሞቱ።

«አትጎትት!» አልኩት። «ወደ እኔ ና።»

«እኔ ጋ ነው የሚመጣው» አለ። «ሁልጊዜ ሰው ነው እኔ ጋ የሚመጣው።»

«ዛሬ አንተ ትመጣለህ። ና፣ አይዞህ። ቀስ ብለህ።»

አንድ እግሩን አነሳ። ፌቨን ከጎኑ «ጎበዝ» አለች፣ አልነካችውም። ሁለተኛውን አነሳ። አንሶላው ከመሃላችን እየታጠፈ፣ እየታጠፈ መጣ፤ በመጨረሻ ጫፍና ጫፉ ተገናኘ፤ እጁ እጄን ነካ። «እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። «አንድ ሰው ጋ መሄድ እንዲህ ነው የሚከብደው?» ከዚያ፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ አለቀሰ። ያን የሚያህል ትልቅ ሰው፣ ከረባቱ እስኪረጥብ ድረስ አለቀሰ።

«አለቀሰ! አለቀሰ!» ብለው አንሶላዎቹ ጮሁ። እልልታው ቀለጠ። እንግዶቹ እጃቸው ስለተቆነጠጠ በእግራቸው አጨበጨቡ። ጋሼ አያልነህ ወፍራሙን ነጋዴ ገልብጠው ከበሮ አደረጉት፤ ነጋዴውም «በርቱ በርቱ፣ ግራ ጎኔ ጥሩ ድምፅ አለው» ይላል። እስክስታ ወረድን። ትከሻዬ ከሕመሜ ወዲህ እንዲህ ተንቀሳቅሶ አያውቅም፤ ደስታው ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ወጣ፤ ምን ልበላችሁ፣ በሕልሜ ውስጥ ሆኜ እንኳ «ከዚህ አትቀስቅሱኝ» ብዬ ለመንኩ።

ፊሽካ ተነፋ። ሁላችንም ቀጥ አልን። ሙክቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ገመድ የያዙ ሁለት ጠቦቶች አሉ።

«ምሳ ደርሷል» አለ። «የእንድሪስ ተያዥ የታለ?»

አቶ እንድሪስ አንሶላው ውስጥ ተደበቀ። ያ ባለ ካፖርቱ ድምፅ ማይክሮፎን ተሰጠውና ተያዥ እንዲጣራ ታዘዘ። ዕድሜ ልኩን ሲጮህ የኖረ ሰው ማይክሮፎኑን ሲያይ ይንተባተብ ጀመር። «ተ... ተያዥ...» አለና ላብ አጠመቀው። «ሰው ሁሉ እያየኝ ነው» አለኝ። «ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ» አልኩት። «ምንም አትሆንም። እኔን አታየኝም?»

ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰድኩ። ልቤ ከበሮውን አስንቆ ይደልቃል፤ ግን አፌ አልተያዘም። «ተያዡ እኔ ነኝ» አልኩ። «እንድሪስ ቢያጠፋ እኔን ያዙኝ። ጤናው ቢነሳበት እኔ አለሁ። ማልቀስ ገና ዛሬ ጀመረ፤ እያደር ይሻሻላል።»

አቶ እንድሪስ ከአንሶላው ውስጥ አንድ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ ያየኛል። ሙክቱ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተኝ፤ ጀርባዬን ጨበጥ አደረገኝ፤ ጥርሴን አየ።

«ደህና ነሽ» አለ። «ግን ያንቺስ ተያዥ የታለ?»

በሕልምም እዚያው! ዞሬ ሰውን ሁሉ አየሁ። ፌቨን አንገቷን ነቀነቀች፤ እሷ መፈረም አይፈቀድላትም። ጦይባ ሩቅ ናት። ዓይኔን ወደ ገመዱ ሳነሳ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ በሁለት መቆንጠጫ ትከሻው ተይዞ የተሰጣ ሰው አየሁ። ይርዳው ነው። ፊቱን ወደ ተራራው አዙሯል፤ ከጫማው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ይርዳው!» አልኩ። «ወንድሜ! ተናገርልኝ!»

ነፋሱ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ አዞረው። ገመዱ ላይ ያለው ሁሉ፣ በጉም፣ ጠቦቶቹም፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ይርዳው አፉን ከፈተ።

«እስ...» ሲል በሩ ተንኳኳ።

ነቃሁ። ነግቷል። ደጅ ዝናቡን ያወርደዋል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስከፍት ይርዳው ቆሟል፤ እውነተኛው ይርዳው፣ ትናንት የለበሰውን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከእግር እስከ ራሱ በስብሶ። መጀመሪያ መቆንጠጫውን ትከሻው ላይ ፈለግኩ፤ ምን ላድርግ፣ ገና አልነቃሁም።

«ግባ» አልኩት። «ልትፈርምልኝ ነው ወይስ እንደገና እስቲ ልትለኝ ነው?»

«ልፈርምልሽ ነው» አለ። ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። «ግን አንድ ነገር አለ ስንዱዬ።»

«ምን?»

«ንብረት ክፍል አዛውረውኛል። ዕቃ ግምጃ ቤት። ቁልፉን ከመረከብህ በፊት ተያዥ አምጣ አሉኝ። ሰነበተ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ጓደኛህ የት ሄዶ?»

ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ሁሉንም ጠየቅኩ» አለ። «‹እህቱ እንዲያ ሆናለች፣ የዘር ሳይሆን አይቀርም፣ ነገ እሱም ላይ ቢነሳበትስ› ይሉኛል። ፊት ለፊት አይሉኝም፤ ዞር ስል እሰማቸዋለሁ። ትናንት ስትመጪ እኔ ራሴ ተያዥ ያጣሁ ሰው ነኝ ማለት አፍሬ ነው ዝም ያልኩሽ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እና አሰብኩት።»

«ምን አሰብክ?»

«ደሞዝተኛ ይሁን እንጂ ማንም ይሁን ብለውኛል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት እኔ ላንቺ እፈርማለሁ፤ ሥራ ትገቢያለሽ፤ ደሞዝተኛ ትሆኛለሽ። በምሳ ሰዓት መጥተሽ አንቺ ለእኔ ትፈርሚልኛለሽ። ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም፣ ስንዱ።»

አየሁት፤ በእኔ ምክንያት ሰው ሁሉ የሸሸው ወንድሜ፣ እንደዚያ በስብሶ። ላለቅስ አፌን ስከፍት ሳቅ ወጣ። መቆም አቃተኝ፤ አልጋው ላይ ወደቅኩ። ይርዳው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ተነስቶባት ይሆን ብሎ ነው መሰለኝ፤ ከዚያ እሱንም ያዘውና ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። የግቢው ሰው ምን ይለናል ብለን አፋችንን በእጃችን ብናፍንም አልሆነም።

ለባብሼ ስወጣ ይርዳው በሩ ላይ ቆም አለ።

«መድኃኒትሽን ዋጥሽ አይደል?» አለኝ። «አሁን እኮ አንቺ ብትታመሚ እኔም መባረሬ ነው።»

«ዋጥኩ» አልኩት። «አንተ ግን ዛሬ ማታ በጊዜ ትተኛለህ፣ ሰማህ? አንተ ላይ ቢነሳ የምያዘው እኔ ነኝ።»